ፀሐይ የምታጥበው ኩሬ

ሴፕቴምበር 2፣ ሰኞ

ውሃው ዛሬም አለፈ። ከአባዬ ግሪንሃውስ ወጥቶ በመንደሩ ኩሬ የሚጠራቀመው የመስኖ ትርፍ የፀረ ተባዩን ቅሪት ይዞ በመሣሪያዬ አንድ በኩል ገባ፤ በሌላው በኩል ሕጉ ከሚፈቅደው በታች ሆኖ ወጣ። ከፀደይ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ለአለቃዬ ለሉርደስ ወደ ምርምር ተቋሙ ደወልኩላት። «ደስታሽን ቆጥቢው፣ ገና መንገድ ላይ ነሽ» አለችኝ። ሉርደስ ሠርግ ቤትም እንዲሁ ናት።

እውነቷን ነው ግን። ኦክቶበር 25 የካሪሳል መስኖ ማኅበር ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጣል። ወይ የእኔ መሣሪያ ይቀጥላል፣ ወይ ኩሬው ይደፈንና ሁሉም ጨው የወጣለትን የባሕር ውሃ ከዋናው መስመር ይስባል። ዋናው መስመር እኛ ጋ አይደርስም፤ የአባዬ መሬት ከመንደሩ ዳር፣ ተራራው ሥር ነው። ኩሬው ተደፈነ ማለት የአባዬ ቃሪያ ተነቀለ ማለት ነው። ከስብሰባው በፊት የመንግሥት ላቦራቶሪ መጥቶ ናሙና ይወስዳል። የሰዉ ድምፅ የሚያዘነብለው በዚያ ውጤት ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን ኢንዳሌሲዮ ቡና ቤት ተቀምጠው ያሉትን ድሪስ ነገረኝ። ድሪስ የሞሮኮ ሰው ነው፤ ከአባዬ ጋር መሥራት ሲጀምር እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። «የኺኔስ ልጅ ውሃ በፀሐይ ታጥባለች አሉ። ነገ ደግሞ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት አለኝ። ኺኔስ አባዬ ነው። እኔም ሳቅሁ። ንዴቱ የመጣብኝ አልጋ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር 6፣ ዓርብ

ችኮላ። ናሙና ወደ ከተማ። አባዬ ጠርሙሶቹ ላይ ቀን ጻፈልኝ፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ ማንበብ አቅቷት ደወለች። መነጽሩን መቀየር አለበት። ቀጠሮ ልያዝለት።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

የጣሪያ እጥበት። በጋ ላይ ችግኙን ሙቀት እንዳያቃጥለው ላስቲክ ጣሪያው ላይ ኖራ እንረጫለን፤ ሴፕቴምበር ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ደግሞ ቃሪያው ብርሃን እንዲያገኝ በውሃ ጎማ እናጥበዋለን። ዛሬ መንደሩ በሙሉ ጣሪያ ላይ ነበር። ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ስድቡ፣ ቀልዱ፣ ዘፈኑ። ኖራው እንደ ወተት በአሸንዳው እየወረደ ኩሬው ውስጥ ይገባል፤ እኛ ከእግር እስከ ራሳችን ነጭ ሆነናል። ልጅ ሳለሁ ይህን ቀን ከገና አስበልጬ ነበር የምጠብቀው። ከአሸንዳው ሥር ገብተን ስንቦራጨቅ ውለን፣ ማታ እማዬ ነፍሷን ይማርና ፀጉራችንን በሆምጣጤ እያጠበች ታስለቅሰን ነበር።

አባዬ ጣሪያ ላይ አልወጣም። «ዘንድሮ ድሪስ ይውጣ፣ እኔ ጎማውን እይዛለሁ» አለ። ጎማውን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ጣሪያ ላይ ካልወጣህ ብሎ የሚፈርድበት የለም። እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ጥሩ ቀን ነበር።

ሴፕቴምበር 19፣ ሐሙስ

አላለፈም።

የላቦራቶሪ ስህተት ይሆናል። ደግሜ ልኬአለሁ።

ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ

ስህተት አይደለም። ከገባው መርዝ እኩሌታው እንደገባ ይወጣል። የመሣሪያውን የብርጭቆ ቱቦዎች በጨርቅ ወለወልኩ። ከሥራቸው ያሉትን መስተዋቶች ወለወልኩ። ነጭ ዱቄት የተለበጠባቸውን ዶቃዎች አውጥቼ አጥቤ መለስኩ። ድሪስ ዳቦ በቲማቲም ፈትጎ አመጣልኝ። የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ሴፕቴምበር 24፣ ማክሰኞ፣ ማታ

እስቲ ረጋ ብዬ ላስብ። መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ውስብስብ አይደለም። ለአባዬ ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነው፦ ዶቃዎቹ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ተኝቶ የሚኖር ነገር ነው፤ ፀሐይ ስትነካው ይነቃል። ከታች ደግሞ ኦዞን እንነፋበታለን፤ መብረቅ ከወረደ በኋላ አየሩ ላይ የሚሸተው ያ ሹል ጋዝ። የነቃው ዱቄትና ኦዞኑ ሲገናኙ ውሃው ውስጥ ዕድሜያቸው ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ነካሾች ይወለዳሉ። ያገኙትን ሁሉ ይነክሳሉ። መርዙንም ነክሰው ነክሰው መርዝነቱን ያስጥሉታል። አባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «የተራበ ውሻ በዪኛ» አለኝ። በተቋሙ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ሰው የለም።

ታዲያ ውሾቼ ምን በልተው ነው የጠገቡት? ፀሐይ አለ። ኦዞን አለ። ዶቃው ደህና ነው። የቀረው ውሃው ነው። አንድ ሰው ኩሬው ውስጥ የሚደፋው ነገር አለ ማለት ነው። ማን? ኩሬው ቢደፈን የሚጠቀም ሰው? ወይስ ሳያስብ የሚደፋ? ኩሬው ዙሪያ የሚውሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ። ብዙ አይደሉም።

ዛሬ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «ኺኔስ ኮርቷል። ሰላም ስትዪው ፊቱ ንቅንቅ አይልም።» «ልጁ ተማረችለታ።» ዞሬ ላያቸው ይገባ ነበር፤ አልዞርኩም። አባዬ ድሮም ለሳቅ አይቸኩልም። ይቸኩል ነበር እንዴ? እማዬ እያለች ማዕድ ላይ ሲስቅ የነበረው እሱ ነው ወይስ እሷ? ድካም ነው፣ ልተኛ።

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፈው።

ድሪስ በጀርባ የሚታዘለውን የፀረ ተባይ መርጫ ተሸክሞ ከኩሬው በኩል ሲመጣ አየሁት። ቀጥ ብዬ ሄጄ «እዚያ ነው የምታጥበው?» አልኩት።

«የት?»

«ኩሬው ውስጥ።»

መርጫውን አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አራሴሊ፣ እኔ ከዚህ ኩሬ በመሣሪያሽ አልፎ በሚወጣው ውሃ ፊቴን እታጠባለሁ። ፊቴን የምታጠብበት ላይ መርዝ እደፋለሁ?»

«ሰው ይረሳል።»

«ይረሳል፣ እውነትሽን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ገበታ በልተን አንቺም ረሳሽ።» መርጫውን እንደገና አዘለ። ጥቂት ሄድ ካለ በኋላ ዞር ብሎ «እኔን መጠበቅ ተዪና አባትሽን ጠብቂ» አለኝ።

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ተናዶ ነው። ሲናደድ ሰው ያገኘውን ይናገራል። አባዬ ምን ሆነና ይጠበቃል?

እኔ ግን አፈርኩ። ከሰው ፊት አይደለም፣ ከራሴ። መረጃ ሳልይዝ ሰው ወነጀልኩ፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ቢያደርጉ ወረቀታቸውን እመልስባቸው ነበር።

ኦክቶበር 2፣ ረቡዕ

ሉርደስ «ኦዞኑን ጨምሪው፣ ግን ቀስ እያልሽ» ብላኝ ነበር። ጨምሪው የሚለውን ብቻ ሰማሁ።

ትናንት ጨምሬው አደርኩ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ከከተማ ስመለስ ገና ከበሩ ጉሮሮዬን ቆረጠኝ። የማገናኛውን ጎማ ኦዞኑ በልቶት ጋዙ ወደ ውጭ ይተፋል። አባዬ ከመሣሪያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቃሪያ የሚታሰርበትን ገመድ ይቆራርጣል።

«አባዬ፣ ውጣ።»

«ምን ሆንሽ?»

«አይሸትህም?»

«ምኑ?»

ማጥፊያውን ዘግቼ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ሜዳው ላይ ተቀምጠን ስንስል ቆየን። ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል። ትንፋሹ ሲመለስለት ዞሮ እንደ ሕፃን «ምኑ ነው የሚሸተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከመንደሩ መሀል ሆኖ እንኳ ይሸት የነበረ ነገር።

ጉንፋን ይዞታል። ባለፈው ሳምንት ሲያስነጥስ ሰምቼዋለሁ።

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

ጎማው ተቀየረ። ማስጠንቀቂያ ደወል ተገጠመ፤ ከመጀመሪያው ሊገጠም የሚገባው ነገር። ኦዞን ሳንባ ይበላል። ኩሬ አድናለሁ ብዬ አባቴን ልገድለው ነበር። ይህንን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፣ ይገባኛል።

ሉርደስ ደወለች። ነገርኳት። «አባትሽ አልሸተተውም?» አለች። ጉንፋን ነው አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። ስለ ጎማው የጠየቀችኝ አስመስዬ ስለ ጎማው መለስኩላት።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ዶን ኢንዳሌሲዮ ራሳቸው መጡ። ቱቦዎቹን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ በግ ገዥ ዞረው አዩአቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጠላትሽ አይደለሁም» አሉኝ። «የመንደሩ የመጠጥ ጉድጓድ በመርዝ ሲዘጋ ቤት ለቤት ዞሬ ‹አትጠጡ› ያልኩት እኔ ነኝ። የእናቶቹን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ላይ ንጹሕ ነው ብዬ ዳግመኛ አልፈርምም።»

«እኔም እንዲፈርሙ አልጠይቅዎትም። የመንግሥቱን ውጤት ይጠብቁ።»

«የእስካሁኑ ውጤትሽማ ወሬው ቀድሞ ደርሶኛል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፣ ልጄ።»

ሊሄዱ ሲሉ ወደ ግሪንሃውሱ በር አዩ፤ አባዬ ባልዲ ይዞ እየወጣ ነበር። «ኺኔስ እግሩን ምን ሆኖ ነው የሚጎትት?»

«ጫማው ሰፍቶት ነው» አልኳቸው። ምን ያህል ቶሎ እንደመለስኩ እኔኑ ገረመኝ።

ይሁን። ቀኑ ገና አላለቀም። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ቱቦ በቱቦ፣ ጠብታ በጠብታ። ዶን ኢንዳሌሲዮ እልኸኛነት ያዩ መስሏቸው ከሆነ ገና አላዩም።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ዘነበ። በዚህ አገር ሲዘንብ ሚጋስ የሚባል የዱቄት ፍርፍር ይሠራል፣ ክርክር የለውም። ዱቄቱን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት እስኪፈረፈር ድረስ ያለ ዕረፍት ማማሰል ክንድ ይጠይቃል፤ በእኛ ቤት ማማሰያውን ከአባዬ እጅ የወሰደ ሰው የለም። ዛሬ ራሱ አቀበለኝ። «ልመጂ፣ እኔ የሌለሁ ዕለት ዝናብ አይቀር» አለ። አማሰልኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያዝዘኛል፦ «ፍጠኚ። ከሥር ገልብጪው። ይኸውልሽ አረረ።» ከሰርዲንና ከተጠበሰ ቃሪያ ጋር በላን። ድሪስም መጣ፤ ለአባዬ ሲል ነው የመጣው፣ ከእኔ ጋር አላወራም።

ከምሳ በኋላ ወደ ከተማ ልሄድ መኪናዬን አስነሣሁ። አሸንዳው ሥር ነበር ያቆምኩት። የፊት መስታወቱ ላይ ውሃው የደረቀበት ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኗል። እጄን አውጥቼ ነጥቡን በጣቴ ፈተግሁት። ኖራ። ከጣሪያው ላይ ያልታጠበ ትራፊ ነው፣ በየዓመቱ ያለ ነገር። መጥረጊያውን ከፈትኩት፤ መስታወቱ በሙሉ ነጭ ሆነ።

ሞተሩን አጠፋሁና እዚያው ቀረሁ።

ውሾቼ የበሉት ኖራ ነው። የጣሪያ እጥበቱ ቀን ያ ሁሉ ኖራ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ሟሙቷል። ነካሾቹ ደግሞ አይመርጡም፤ መጀመሪያ ያገኙትን ይነክሳሉ። ለአንድ ፍሬ መርዝ ስንትና ስንት ፍሬ የኖራ ጨው ሲቀድማቸው መርዙ ጋ ሳይደርሱ ያልቃሉ። ኦዞን በጨመርኩ ቁጥር ውሾቼን ኖራ ያበላሁት እኔ ነኝ። በፀደይ ሙከራው የሠመረው ኖራ ገና ስላልተረጨ ነው፤ እስከ እጥበቱ ድረስ ደግሞ ኖራው ጣሪያው ላይ ነበር።

ይህን ጥያቄ ተማሪ ሆኜ በፈተና መልሼዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሌላ አገር የተወለደ ሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን «ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የካሪሳል ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ኖራ ነገር አይደለም፣ አየር ነው። መሰላል ይዤ ወደ ኩሬው ሲወርድ ቆሜ አየሁት። «ጥሩ ቀን ነበር» ብዬም እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ድሪስን በደለኛ አደረግሁት።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ

ልክ ነኝ። የኩሬውን ውሃ ብርጭቆ ላይ አድርጌ አሲድ አንጠባጠብኩበት፤ ከፀደዩ ውሃ ሦስት እጥፍ ጠጣ። ደቃቅ አረፋ እያወጣ።

መድኃኒቱ እጃችን ላይ ነበር። እያንዳንዱ የመስኖ ክፍል ውስጥ የአሲድ በርሜል አለ፤ ቃሪያ ኮምጠጥ ያለ ውሃ ስለሚወድ ገበሬው በየቀኑ በልኩ ያንጠባጥብለታል። እኔ የማደርገው ቦታውን መቀየር ነው። አሲዱ ከመሣሪያው በኋላ ሳይሆን በፊት ይገባል፣ የኖራው ጨው ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ ቀጥሎ ፀሐዩና ኦዞኑ ሥራቸውን ይሠራሉ። እማዬ በሆምጣጤ ስታጥበን ይህንኑ እያደረገች ነበር።

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

ድሪስ ጋ ሄድኩ። ችግኝ መደዳ መሀል ተንበርክኮ ቅጠል ይቆርጣል። ቆሜ መናገር ደስ አላለኝም፣ እኔም ተንበረከክሁ። «በድዬሃለሁ። ኖራው ነው። ሁላችንም ያጠብነው ኖራ። አንተን መጠርጠር አልነበረብኝም» አልኩት።

ቅጠሉን ቆርጦ ባልዲው ውስጥ ጣለ። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። አንቺ ደግሞ የዚያን ቀን ያልኩሽን ተቀበዪኝ።»

«ስለ አባዬ?»

«መቀስ እኮ ከእጁ ይወድቅበታል፣ አራሴሊ። እኔ እያነሣሁ ‹የእኔ ነው የወደቀው› እለዋለሁ። እስከ መቼ እንዲህ እላለሁ?»

ተቀበልኩት። ማወቄን ሳልጽፍ ቀረሁ እንጂ የጣሪያው ቀን ጎማውን በሁለት እጁ ሲይዝ አይቼ አውቄአለሁ። መነጽር ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ጫማ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። መርዝ በሚሊዮን አንድ ቢሆን የሚታየኝ ሰው ነኝ።

ኦክቶበር 14፣ ሰኞ

አለፈ! ከፀደዩም የተሻለ። ለሉርደስ ደወልኩ። «አሁን ትንሽ ደስ ይበልሽ» አለች። አንድ ቀን ለሠርጌ ልጠራት እችላለሁ።

ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ

የመንግሥቱ ሰዎች መጥተው ናሙናቸውን ወሰዱ። አሲዱን አምስት ጊዜ አየሁት። ትናንት ደውዬ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። ለአባዬ አልነገርኩትም። ከውሃው ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። ንጹሕ። ሕጉ ከሚፈቅደው በታች፣ እጅግ በታች።

ወረቀቱን ይዤ አባዬ ጋ ሮጥኩ። ኩሬው ዳር ቆሞ አገኘሁት። አነበበው፣ ወረቀቱ እጁ ላይ ይርገፈገፋል። ነፋስ አልነበረም። በዚያው ቀጠሮውን ነገርኩት።

«ከስብሰባው በኋላ» አለ።

«ታውቃለህ ማለት ነው።»

«እጁ የእኔ አይደል? ያወቅሁት ካንቺ በፊት ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ሰው ካወቀ ኩሬውን ‹መርዝ ያሳመመው ሰውዬ ኩሬ› ይለዋል፣ ልጄ። ኢንዳሌሲዮ ደግሞ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ቃሪያው እስኪተርፍ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

ተቆጣሁት። በሕይወቴ አባቴን እንደዚያ ተቆጥቼው አላውቅም። ሁለታችንም ስንደባበቅ ከረምን፤ እሱ ለእኔ ሥራ ብሎ፣ እኔ ለራሴ ፍርሃት ብዬ። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጨርሰሻል? እንግዲያው ምሳ እንብላ» አለኝ።

ኦክቶበር 25፣ ዓርብ፣ ማታ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዶን ኢንዳሌሲዮ ውጤቱን ቃል በቃል አነበቡ፣ አላጎደሉም። ከዚያ እኔ ስለ ኖራው ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ «ሁላችንም እኮ ነን የምንረጨው» አለ። «ለዚያ ነው ሁላችንም ያላየነው» አልኩት። ሳቁ። ነገሩ ወደ እኛ ያዘነበለ መሰለኝ።

ዶን ኢንዳሌሲዮ ተነሡ። «ልጅቷ ውሃውን አጽድታለች፤ ይህን የሚክድ ሰው እኔ አይደለሁም። ግን ይህን መርዝ ለዓመታት ጠጥተነዋል፣ ተንፍሰነዋል። ዛሬም ያንኑ ውሃ መልሰን መላልሰን እንጠቀምበት? ደፍነነው አንገላገልም ወይ?» አሉ። ሰዎች በአዎንታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ወረቀቱ እጄ ላይ እያለ ተሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ።

አባዬ ተነሣ። እንዲቀመጥ በዓይኔ ለመንኩት። አላየኝም።

«ኢንዳሌሲዮ፣ ጥያቄ አለኝ። ላንተ አይደለም፣ ለልጄ ነው።» ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። «ይቺን እጅ አይታችኋል። አላየንም አትበሉ፤ ዳቦ ቤት እንደምታወሩ ሰምቻለሁ። ኮርቼ አይደለም። ፊቴ ነው አልታዘዝ ያለኝ። ሠላሳ ዓመት አፌን ሳልሸፍን ረጭቻለሁ፤ ከዚያ መጥቶ እንደሆነ ሐኪም ይንገረኝ፣ እኔ አላውቅም።» ወደ እኔ ዞረ። «አራሴሊ፣ መርዙን ከውሃው አውጥተሽዋል። ከእኔስ ታወጪዋለሽ?»

ሁሉም አየኝ።

«አላወጣውም፣ አባዬ።»

«ኩሬው ቢደፈንስ ከእኔ ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«የሁላችን የመስኖ ትርፍ የት ይሄዳል ታዲያ?»

«ወደ መሬት። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ።»

«እንግዲህ ከሚወጣበት ይውጣ» አለ፤ እጁንም አነሣ። ድምፅ መስጠቱ ገና አልተጠራም ነበር። እጁ በሰው ሁሉ ፊት ይንቀጠቀጣል፣ በሌላው እጁ ግን አልደገፈውም። ዶን ኢንዳሌሲዮ «ገና አልጠየቅሁም እኮ» አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። ዳቦ ቤት ድምፅዋን የሰማኋት ሴትዮ አነሣች። ከኋላ አነሡ፣ ከመሀል አነሡ። ድሪስ አባል ስላልሆነ እጁን ማንሣት አይችልም፤ ተነሥቶ ቆመ። ዶን ኢንዳሌሲዮ ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ፣ ከዚያ የራሳቸውን እጅ አንሥተው «አይደፈንም» አሉ።

ሌሎቹ እጃቸውን አወረዱ። አባዬ ግን የመጨረሻው ሰው እስኪያወርድ ጠብቆ ነው ያወረደው። ኮራሁበት፣ አለቀስኩም፤ ሁለቱንም አልደበቅሁም። ማክሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። የምነዳው እኔ ነኝ።